የጎብኚው ካሜራና የአስተናጋጁ ድርሻ

እንግዳ በገባበት ሀገር ዕቃ ሲገዛ ለሻጩ ከሚከፍለው ዋጋ ሌላ ለሀገሩና ለሕዝቡ የሚገባ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ፣ ላይ ላዩን ሲታይ ለታክስ ባለሙያዎች የተተወ ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን ስለ ፍትሕ፣ ስለ ንብረትና ስለ እይታ ከጥንት ጀምሮ ሲነሱ የኖሩ የሥነ ምግባር ጥያቄዎችን በአንድነት የያዘ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄው በጉልህ ከሚታይባቸው ሀገሮች አንዷ ጃፓን ናት። በቶኪዮ ከተማ ሺንጁኩ በተባለው ሠፈር፣ ከባቡር ጣቢያው በስተምዕራብ፣ አዲስና ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጡባቸው መደብሮች በብዛት ይገኛሉ፤ ከስድስት ወር ላነሰ ጊዜ የመጣ ጎብኚም ፓስፖርቱን አሳይቶ 5,000 የንና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ ሲገዛ፣ የሀገሩ ነዋሪ የሚከፍለው 10 በመቶ የፍጆታ ታክስ እንዲቀርለት ሕጉ ይፈቅዳል። ይህ ታክስ እ.ኤ.አ. በ1989 በ3 በመቶ ተጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃ አድጎ በ2019 እ.ኤ.አ. 10 በመቶ የደረሰ ሲሆን፣ ገቢው ለጡረታ፣ ለሕክምና፣ ለአረጋውያንና ለሕፃናት እንክብካቤ እንዲውል ተመድቧል። በአንድ መደርደሪያ ፊት ቆመው አንድ ዓይነት ካሜራ ከሚገዙ ሁለት ሰዎች አንዱ ለእነዚህ ጉዳዮች ያዋጣል፣ ሌላው አያዋጣም ማለት ነው።

ልዩነቱ ግን ያለ ምክንያት የተደረገ አድልዎ አይደለም። መሠረቱ የመድረሻ ሀገር መርህ የሚባለው፣ ማለትም የፍጆታ ታክስ መከፈል ያለበት ዕቃው በተሠራበት ወይም በተሸጠበት ሀገር ሳይሆን ጥቅም ላይ በሚውልበት ሀገር ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ በሚላክ ቡና ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ በዜሮ ምጣኔ የሚታሰበውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠጪው በሌላ ሀገር ስለሆነ፣ በሀገር ውስጥ ገዢ ላይ የሚጣለው 15 በመቶ በእርሱ ላይ አይጣልም። ካሜራ የገዛው ጎብኚም በሻንጣው ዕቃ ወደ ውጭ እንደሚያወጣ አነስተኛ ላኪ ይቆጠራል። ይህን ሐሳብ በቅንነት የሚቀበል ሰው ታዲያ የሚያስከትለውንም አብሮ መቀበል ይገባዋል፤ ታክሱ ከአንዱ ሀገር ወደ ሌላው ተሸጋገረ እንጂ ከሰውየው ላይ ጨርሶ አልተነሳምና፣ የካሜራው ዋጋ ለመንገደኛ ከተፈቀደው የነፃ መጠን የሚያልፍ ከሆነ፣ ጎብኚው ሀገሩ ሲገባ ለጉምሩክ አሳውቆ የሚፈለግበትን መክፈል አለበት። ሳጥኑን ጥሎ፣ ደረሰኙን ደብቆ፣ አዲሱን ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የቆየ ንብረቱ እንደሆነ አድርጎ የሚያልፍ ሰው፣ ለአንደኛው ሀገር በሌላው እከፍላለሁ ብሎ፣ በሌላው ሀገር ደግሞ የሚከፈል ነገር የለብኝም ብሎ ለሁለቱም ዋሽቷል። ይህ ድርጊት በብዙዎች ዘንድ እንደ ብልጠት እንጂ እንደ ስርቆት አለመቆጠሩ የሚያሳዝን ነው። ነፃነቱ ራሱ ለጎብኚ በተፈጥሮ የተሰጠ መብት አይደለም፤ ብሪታንያ የገዙትን ይዘው ለሚወጡ ጎብኚዎች በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ስትሰጥ የነበረውን የታክስ ተመላሽ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቋርጣለች።

የርካሽነቱ ምንጭ ታክሱ ብቻ አለመሆኑም መታወስ አለበት። የጃፓን ገንዘብ በ2024 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከ1986 ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ወርዶ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ160 የን በላይ ሲመነዘር፣ ለውጭው ሰው ዋጋው የቀነሰለት ካሜራ በየን ደመወዝ ለሚከፈለው የቶኪዮ ሠራተኛ አንዳች አልቀነሰለትም። ጎብኚው ያገኘው ትርፍ በድካሙም ሆነ በችሎታው የመጣ ሳይሆን፣ የአስተናጋጆቹ ገንዘብ በመዳከሙ የተገኘ ነው። ይህን ማወቅ ግዢውን ኃጢአት አያደርገውም፤ ገዢው ያገኘውን ጥቅም እንደ መብቱ ከመቁጠር ግን ሊያቅበው ይገባል።

ወደ ጉዳዩ እምብርት የሚያደርሰው የጃፓን ሕግ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው አንድ ክፍፍል ነው። ከታክስ ነፃ የሚሸጡ ዕቃዎች በሁለት ይመደቡ ነበር፤ ምግብ፣ መጠጥ፣ መድኃኒትና መዋቢያ አላቂ ዕቃዎች ስለሆኑ በልዩ ከረጢት ታሽገው ከሀገር እስኪወጡ ድረስ እንዳይከፈቱ ሲታዘዝ፣ ልብስ፣ ሰዓትና ካሜራ ግን ቋሚ ዕቃዎች ስለሆኑ ገዢው እዚያው ሀገር ውስጥ እንዲገለገልባቸው ይፈቀድለት ነበር። ከኖቬምበር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሠራበት የተደነገገው ሥርዓት፣ ነፃ ዕቃ እየገዙ እዚያው የሚቸረችሩትን ለመከላከል ሲል፣ ጎብኚው ታክሱን አስቀድሞ ከፍሎ ሲወጣ በጉምሩክ ከተረጋገጠ በኋላ እንዲመለስለት የሚያደርግ ሲሆን፣ ክፍፍሉንና እሽጉን አስቀርቷል። ለአስተዳደር አላስፈላጊ ሆኖ የተገኘው ክፍፍል ግን በፍልስፍና በኩል ገና ብዙ የሚናገረው አለው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቶማስ አኲናስ፣ «ሱማ ቴዎሎጊኤ» በተባለው ታላቅ ሥራው አራጣን ሲቃወም የተነሳው ከዚሁ ልዩነት ነበር። እንደ እርሱ ትምህርት፣ ወይንና ስንዴን የመሰሉ ነገሮች መገልገል ማለት መጨረስ የሆነባቸው ናቸው፤ ቤት ግን ሰው ሲኖርበት ስለማያልቅ፣ ባለቤትነቱን ለአንዱ፣ መገልገሉን ለሌላው መስጠት ይቻላል። ምንም ንብረት ላለመያዝ የማሉት የፍራንሲስካን መነኮሳትም፣ የሚበሉትን እንጀራ ይገለገሉበታል እንጂ ባለቤቱ አይደሉም የሚለውን አቋም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒኮላስ 3ኛ በ1279 እ.ኤ.አ. ሲያጸኑላቸው፣ ዮሐንስ 22ኛ ደግሞ በ1322 እ.ኤ.አ. በሚያልቅ ነገር ላይ መገልገልን ከባለቤትነት መለየት አይቻልም ብለው ሽረውባቸዋል። ክርክሩ ለዘመኑ አንባቢ የራቀ ቢመስልም፣ በውስጡ ያለው ጥያቄ ዛሬም ሕያው ነው፤ ሰው በአንድ ነገር ሲገለገል የሚያልቀው ምንድን ነው?

ካሜራ ለዚህ ጥያቄ ከሌሎች ቋሚ ዕቃዎች ሁሉ የተለየ መልስ ይሰጣል። በቶኪዮ የተገዛ የእጅ ሰዓት ከሁለት ሳምንት በቀር ዕድሜውን የሚጨርሰው በገዢው ሀገር ስለሆነ፣ የመድረሻው ሀገር መርህ ያለ ችግር ይሠራበታል። ጎብኚ የገዛው ካሜራ ግን በዚያው ምሽት ከሳጥኑ ወጥቶ፣ በማግስቱ በኪዮቶ መንገዶች ላይ ሥራውን ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በባለቤቱ ሀገር ዓመታት ቢቆይም፣ የተገዛበት ዋና ምክንያት ግን በጉዞው ቀናት ይፈጸማል። ዕቃው በሌላ ሀገር ጥቅም ላይ ይውላል በሚል ግምት የተሰጠው ነፃነት፣ ግምቱ ከማንኛውም ዕቃ ይልቅ ደካማ በሆነበት ዕቃ ላይ ተሰጥቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት ምንም ነገር አይጨርስም የሚል ነው። የፉጂ ተራራ ሺህ ጊዜ ቢነሳ ከቁመቱ አንዲት ጣት አትጎድልም፤ ብርሃኑም ለአንዱ ካሜራ ስለገባ ለሌላው አያንስም። ተቃውሞው ስለ ተራራው እውነት ነው፤ ስለ ተራራው ጎረቤቶች ግን እውነት አይደለም። በፉጂካዋጉቺኮ ከተማ፣ ተራራው ከአንድ አነስተኛ መደብር ጣሪያ በላይ ሆኖ የሚታይበትን ስፍራ ለማንሳት የሚጎርፉት ጎብኚዎች መንገዱን እየዘጉ፣ ቆሻሻ እየጣሉና ወደ ሰው ግቢ እየገቡ ስላስቸገሩ፣ የከተማው አስተዳደር በሜይ 2024 እ.ኤ.አ. 2.5 ሜትር ከፍታና 20 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቁር መጋረጃ ተክሎ እይታውን ለመጋረድ ተገዷል። በኪዮቶ ጊዮን በተባለው ሠፈር ደግሞ፣ ወደ ሥራቸው የሚሄዱ የባህላዊ ኪነ ጥበብ ሴቶች በካሜራ ስለሚከበቡና ልብሳቸው ስለሚጎተት፣ ነዋሪዎቹ በ2019 እ.ኤ.አ. በግል መንገዶች ላይ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው 10,000 የን እንደሚቀጣ የሚገልጽ ማስታወቂያ አቁመዋል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንዳንዶቹን መንገዶች ለጎብኚ ዘግተዋል። በሁለቱም ስፍራ ያለቀ ነገር አለ፤ እርሱም የነዋሪው ሰላም፣ ሰው በሠፈሩ ሳይታይ የመሄድ ነፃነቱና ለእንግዳ የነበረው ትዕግሥት ነው። እነዚህ ነገሮች በዋጋ ዝርዝር ላይ ስለማይጻፉ አላቂነታቸው ሳይታወቅ ይቀራል እንጂ፣ ካለቁ በኋላ ከወይንና ከስንዴ ይልቅ ለመተካት ይከብዳሉ።

ነገሩ በጸሎት ስፍራ ሲሆን ይበልጥ ይከብዳል። በኪዮቶ ሳንጁሳንጌንዶ በተባለው የቡድሂስቶች መቅደስ፣ የምሕረት ምሳሌ የሆነችው የካኖን 1,001 ምስሎች በአንድ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ፣ ማንም በዓይኑ እንዲያይ ተፈቅዶ ፎቶግራፍ ማንሳት ግን ተከልክሏል። ማየት ከተፈቀደ ማንሳት ለምን ይከለከላል የሚለው ሰው፣ ማየትንና መውሰድን አንድ አድርጎ ተመልክቷል። የሚያይ ሰው እዚያው መገኘት፣ ከሚያየው ጋር በአንድ ጊዜና በአንድ ስፍራ መቆም ግድ ይሆንበታል፤ የሚያነሳ ሰው ግን በኋላ አየዋለሁ ብሎ መገኘቱን ለሌላ ጊዜ ሊያስተላልፍ ይችላል። በቤተ መቅደስ መጋረጃ ሲዘጋና ሲገለጥ እያየ ላደገ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን፣ የእይታ ወሰን የአምልኮ አካል መሆኑ እንግዳ ሐሳብ አይሆንበትም።

ዕዳው መኖሩ ከታወቀ፣ በምን ይከፈላል? አኲናስ ስለ ሽያጭ በጻፈበት ክፍል እዚህ ላይ የሚረዳ ድንጋጌ አለ። ገዢው ከዕቃው ታላቅ ጥቅም የሚያገኝ ሆኖ፣ ሻጩ ግን በመሸጡ የማይጎዳ ከሆነ፣ ሻጩ የገዢውን ጥቅም ምክንያት አድርጎ ዋጋ መጨመር አይገባውም፤ በእጅጉ የተጠቀመው ገዢ ግን በገዛ ፈቃዱ ተጨማሪ ነገር ቢሰጥ ከጨዋነቱ የመጣ ነው ይላል። ጨዋነት እዚህ ላይ፣ ሕግ ሳያስገድድ የሚገባውን ለማድረግ የሚያነሳሳ የነፍስ ቅንነት ማለት ነው። የጎብኚው ሁኔታ በዚህ አነጋገር ውስጥ በትክክል ይገጥማል፤ አስተናጋጇ ሀገር ታክሷን ትታለች፣ ዋጋም አልጨመረችበትም፣ እርሱ ግን እጅግ ተጠቅሟል። ስለዚህ የሚሰጠው ተጨማሪ ነገር በገንዘብ ሳይሆን በካሜራው አያያዝ የሚገለጽ ነው፤ ሰውን ከማንሳቱ በፊት መጠየቅ፣ በተከለከለበት ዝቅ ማድረግ፣ መንገድ አለመዝጋት፣ ሥራ ላይ ያለን ሰው እንደ ትዕይንት አለመቁጠር። ጎብኚ ለሆቴል፣ ለባቡርና ለምግብ ስለሚከፍል ዕዳው አስቀድሞ ተከፍሏል የሚሉ አሉ፤ የሆቴል ሂሳብ ግን የተኛበትን አልጋ እንጂ የጊዮንን ነዋሪ ፊት አይጨምርም።

ለፊት ዋጋ በመተመን ጉዳዩን መዝጋት ይቻላል የሚል አስተያየትም አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት ሙርሲዎች፣ ከንፈራቸውን በገል ያስጌጡ ሴቶችን ለማንሳት ከሚመጡት ጎብኚዎች ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ክፍያ መቀበላቸው የታወቀ ነው። ክፍያው ተገቢ ነው፤ ያለ ክፍያ ከመወሰድ ይሻላልና፣ ሰውየው በራሱ ምስል ላይ ሥልጣን እንዳለውም ያሳውቃል። ቢሆንም ከፋዩ ገንዘቡን ቆጥሮ ከሰጠ በኋላ ስሟን ሳይጠይቅ፣ ሰላም ሳይላት ፊቱን ቢያዞር፣ ሴትዮዋን ተገልግለው ከሚጨርሱት ዕቃ ወገን መድቧታል፤ ዋጋው ዝርፊያን ይከለክል ይሆናል እንጂ ግንኙነትን አይፈጥርም።

የመጨረሻው ችግር የመመለስ ችግር ነው። በአኲናስ ትምህርት ያለ አግባብ የተወሰደን ነገር መመለስ ለመዳን አስፈላጊ ነው። የተወሰደው ዕቃ ከሆነ መንገዱ ግልጽ ነው፤ የተወሰደው ምስል ሲሆን ግን፣ የዛሬው ካሜራ ያነሳውን ወዲያው ወደ ስልክ፣ ስልኩም ወደ ሩቅ ማከማቻ ሊያስተላልፈው ስለሚችል፣ ተነሺዋ ተቆጥታ አንሺው በፊቷ ከካሜራው ቢያጠፋው እንኳ የቀረ ቅጂ እንደሌለ ማረጋገጥ አትችልም። ያለ አግባብ የተወሰደ ገንዘብ ዘግይቶም ቢሆን ሊመለስ ይችላል፤ ምስልን ግን በሙሉ መመለስ ስለማይቻል፣ ፈቃድ መጠየቁ ከማንሳቱ በፊት ካልሆነ በኋላ የሚተካው ነገር አይኖርም።