የተፈናቃይ ተመራጭ ማን ነው?

አፄ ምኒልክ በ1888 የሸዋን ጦር ወረኢሉ ክተት ብለው ሲጠሩ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ከተተ። ጠሪውም ራሳቸው ዘምተዋል። የዛሬ የሕዝብ ተመራጭ ግን ነጋሪት የለውም፤ ያለው አፉ ብቻ ነው። ሰላም ይውረድ፣ ለተፈናቀለው እርዳታ ይድረስ ቢል ማን ይከትትለታል? እስቲ እንነጋገርበት።

በ1977ቱ ረሃብ መንግሥት የወሎን ገበሬ እያነሣ ወለጋ አሠፈረው። እዚያው ወልዶ ከበደ። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ተገደለ። ከወለጋ ሸሽቶ ደቡብ ወሎ ከገባው ውስጥ ሐይቅ አጠገብ ጃሪ መጠለያ የተቀመጠ አለ። ተቀባዩ ወሎም በዚያው ዓመት ጦርነት የደቀቀ ነበር፤ ወረኢሉ ራሷ ተይዛ ነበር።

ታዲያ ለዚህ ሰው የሚጮኸው የትኛው ተመራጭ ነው? የወለጋው «ከወረዳዬ ወጥቷል»፣ የወሎውም «እኔን አልመረጠኝም» ቢል ሰውየው ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 54 ቁርጡን ነግሮናል፦ የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። በሰጠው አስተያየትም አይከሰስም።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። መንግሥትን በግልጽ ይተቹ የነበሩት የምክር ቤት አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ግን በ2015 ክረምት ታሥረው በሽብር ተከሰዋል። መናገር ዋጋ እንዳለው አናጣውም።

እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ተፈናቃይ ለተመራጭ የሚከፍለው ነገር የለውም፤ ካርድ ያወጣበት ቀበሌም ርቆታል። የተመራጭ ኅሊና የሚለካው እንግዲህ በሱ ነው። የኛስ? ጥሪውን ሰምተን እቤታችን ከተቀመጥን፣ ጥፋቱ የተመራጩ ብቻ ሊሆን ነው እንዴ?