ልጁ ደርሷል፤ ውሳኔውስ?



በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ከአያት ወዲያ ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ፣ ቅዳሜና እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ የማስተምራቸው ልጆች አሉኝ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ፈራኢድ፣ ማለትም የውርስ ክፍፍል እያቀራኋቸው ሳለ አንድ ጥያቄ ሰጠኋቸው። እናንተም አብራችሁ አስቡት። አንዲት ሴት ሞተች፤ ከባሏና ከሁለት የአባትና የእናት እኅቶቿ በቀር ወራሽ የላትም። የባል ድርሻ ግማሽ ነው። የሁለቱ እኅቶች ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ነው። አካፍሉ!

ልጆቹ ደመሩ። ግማሽ ከ6 ላይ 3 ነው፤ ሁለት ሦስተኛ ከ6 ላይ 4 ነው፤ ድምሩ 7 ሆነ። ስድስት እጅ ብቻ ካለው ሀብት ሰባት እጅ ተጠየቀ ማለት ነው። አብዛኞቹ «ተሳስተናል» ብለው ማጥፋት ጀመሩ። ከኋላ የተቀመጠ የ16 ዓመት ልጅ ግን እጁን አውጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ ታዲያ ሀብቱን ለምን ከመጀመሪያው ለ7 አንከፍለውም? ለባል 3፣ ለእኅቶች 4፤ ሁሉም በልኩ ይቀነስበታል» አለኝ።

አንባቢ ሆይ! ይህ በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን ሰሓቦች ተማክረው የደረሱበት፣ ዑለማዎች «ዐውል» የሚሉት መፍትሔ ነው። ለልጁ ማንም አልነገረውም፤ ራሱ ደረሰበት። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ፣ «አንተ በሚቀጥለው ዓመት 11ኛ ክፍል ስትገባ የትኛውን ልትመርጥ ነው?» አልኩት። «ሶሻል» አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው» አለ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ «አይሆንም፤ ወደ ሳይንስ ግባ» ማለት ይገባኛልን? ወይስ ደርሷልና ምርጫው የራሱ ነው ብዬ ዝም ልበል?

ለመናገር የፈራሁት ከዚህ ቀደም ተናግሬ ስላየሁት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት ከመቶ የዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70ው የሳይንስና የቴክኖሎጂ፣ 30ው የማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆኑ በሚል ሲሠራ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኔም በዚያ ነፋስ ተነድቼ፣ ነሕውና ታሪክ እንደ ውኃ የሚፈስለትን አንድ ተማሪዬን በጓደኞቹ ፊት «ወንድ ልጅ ሳይንስ ነው የሚማር» አልኩት። ስለሚያከብረኝ ታዘዘ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወሰደ። በዚያ ዙር ከመላ አገሪቱ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ እርሱ ከእነዚያ አልነበረም። ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ወድቆ ሳለ ጥፋቱን ሁሉ በራሴ ላይ ብጭን ውሸት ይሆናል። ነገር ግን የወደቀው እኔ በመረጥኩለት መንገድ ላይ ነው። ዛሬ አሉሚኒየም ይቆርጣል። ሲያየኝ ሥራውን አቁሞ ሰላም ይለኛል፤ ያ ሰላምታ ከወቀሳ ይከብደኛል።

የአንጎል ተመራማሪዎች የሚሉትን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዶክተር ጄይ ጊድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የልጆችን አንጎል በኤም.አር.አይ. በየጊዜው እያነሱ ያወጡት ጥናት፣ ከግንባራችን በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ግራጫ አካሉ እስከ 11 ወይም 12 ዓመት ገደማ እየበዛ ሄዶ ከዚያ መቀነስ እንደሚጀምር አሳየ። መቀነሱ ጉዳት አይደለም፤ ገበሬ ዛፉን እንደሚገርዘው ነው። የሚሠራበት የነርቭ ግንኙነት ይጸናል፣ የማይሠራበት ይከረከማል። በዚያው ጊዜ የነርቭ ክሮቹ በስብ ሽፋን እየተጠቀለሉ መልእክት ማስተላለፋቸው ይፈጥናል። ይህ ሥራ ዘግይቶ ከሚያልቅባቸው ክፍሎች አንዱ ነገን የማሰብ፣ ስሜትን የመግታት፣ የማመዛዘን ኃላፊነት ያለበት የግንባሩ ክፍል ነው፤ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ይቀጥላል። ደስታንና የጓደኛን ሙገሳ የሚሻው ክፍል ግን በጉርምስና መጀመሪያ ላይ ቀድሞ ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችን የመኪና መንዳት ጨዋታ አጫውተው ነበር። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ካሉበት ጊዜ ይልቅ አደጋን ይደፍራሉ፤ በአዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኛ መኖር ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። «ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው» ያለኝ ልጅ ሞኝ አልነበረም። ዕድሜው ነው የተናገረው።

(በነገራችን ላይ የዚህ ዕድሜ ልጅ በማታ እንቅልፍ ቶሎ የማይወስደው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም። የሰውነቱ ሰዓት በጉርምስና ወደ ኋላ ይገፋል። ለሱብሂ ተነሥቶ፣ ከአራብሳ ታክሲ ተሰልፎ ትምህርት ቤት ለሚደርስ ልጅ ከኢሻ በኋላ ስልኩን ከክፍሉ ማውጣት ከሂሳብ አስጠኚ ያላነሰ ይጠቅመዋል።)

ይህን ሳነብ ግን አዲስ ነገር የሰማሁ አልመሰለኝም። ፊቅህ የቀራ ሰው ቡሉግና ሩሽድ ሁለት ነገር መሆናቸውን ያውቃል። ቡሉግ አካል ሲደርስ ነው፤ ሶላትና ጾም ግዴታ ይሆናሉ። ሩሽድ ደግሞ ሀብትን በአግባቡ የማስተዳደር ብስለት ነው። ሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ የቲሞች ሀብታቸው እንዲሰጣቸው ለጋብቻ መድረሳቸውን ብቻ ሳይሆን ብስለት እንዲታይባቸውም ይሻል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ብስለት ያልታየበትን ወጣት ሀብት እስከ 25 ዓመቱ ያዙት ብለዋል፤ ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ዕድሜ ሳይሆን ብስለቱ ራሱ ይጠበቅ ብለው ከመምህራቸው ተለይተዋል። አንዳንድ ወንድሞች 25 የሚለውን ቁጥር ሲያዩ «ሳይንስ ዛሬ የደረሰበትን እኛ ቀድመን!» ለማለት ይቸኩላሉ። እኔ አልወደውም። አቡ ሐኒፋ አንጎል አልለኩም፤ ሰው አይተው ነው የፈረዱት፤ ክብራቸውም ያ ነው።

የልቤን ጥያቄ የመለሰልኝ ግን የዕድሜው ቁጥር አይደለም። አንቀጹ ፈትኗቸው የሚል ትእዛዝ አለበት። በወሎ ሐሪማዎች በምንቀራው በኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ውስጥ ፈተናው እንደየቤቱ እንደሚለያይ ተነግሯል። የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ፣ የገበሬ ልጅ በእርሻ ይፈተናል። ጊዜውም ከቡሉግ በፊት ነው። ልጁ ይከራከራል፣ ዋጋ ይቆርጣል፤ ውሉን ለመጨረስ ሲደርስ ግን ዋሊው ይዋዋልለታል። ተመልከቱ! አልታዘዘም፣ አልተተወምም። ስሕተቱ ትንሽ በምትሆንበት ቦታ እንዲሳሳት ተፈቀደለት።

እኛ ግን ልጆቻችንን የምናበረታታው በስብከት ነው። «ኢብኑ ሲና የኛ ነው፣ ኸዋሪዝሚ የኛ ነው» እንላለን፤ ልጁ አንድም ቀን በእጁ ነገር ሳይነካ። የኸዋሪዝሚ የአልጀብራ መጽሐፍ ሰፊው ክፍል እኮ የውርስና የኑዛዜ ስሌት ነው! ሰውየው የጀመረው ሰዎች ከሚጣሉበት ነገር ነው። የኛው ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢያይ፣ የቢልሃርዚያን በሽታ ተሸካሚ የሚገድል ነገር እዚያው ጅረት ላይ አገኘ። ስንቱ ሰው በዚያ ጅረት አልፏል!

ሴት ልጆቻችንንም ረስቼ አይደለም። የዚያን ቀን ሁለተኛ ሆና መልሱን ያገኘችው ልጅ ነበረች። ምን ልትመርጥ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ቤት ገብቼ ነው ያፈርኩት። በማግሥቱ ጠየቅኋት። «ፋርማሲ» አለች፣ ሳታመነታ።

ልጁን በተመለከተ «ሳይንስ ግባ» አላልኩትም። ከጎረቤታችን ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ተነጋግሬ ለሁለት ወር ቅዳሜ ጠዋት አብሮት እንዲውል አደረግሁ። ለሌላ ሁለት ወር ደግሞ እሑድ ጠዋት ከእኔ ጋር ሆኖ የሰፈሩን ሰዎች አቤቱታና ውል ይጽፋል። ሁለቱንም ይቅመስ ብዬ ነው።

አባቱ ይህን ሰምተው ወደ መድረሳው መጡ። «ኡስታዝ፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? እርስዎ አንድ ቃል ይዘዙት፤ እሺ ነው የሚልዎት» አሉኝ። «ሐጂ፣ እኔም የፈራሁት እሺ እንዳይለኝ ነው» አልኳቸው። ብዙም አልተስማማን፤ ግን እስከ መስከረም ሊታገሡኝ ቃል ገቡ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ እጁ በሽቦ ተቧጥሮ፣ ደብተሩን ይዞ መጣ። በዚያችው በሟቿ ሴት ውርስ ላይ እናቷን ጨምሮበታል፤ የእናትን ስድስተኛ። «ኡስታዝ፣ አሁን ለ8 ሆነ» አለኝ። አስልቼ አየሁት፤ ትክክል ነው። የትኛውን እንደሚመርጥ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም።