ለልጆቻችን ስለ አሳማ ምን እንንገራቸው?

ከአዳማ ተነስተን በሞጆ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) በኩል ወደ ሻሸመኔ ለዘመድ ጥየቃ ስንጓዝ፣ አብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አረፍ አልን። አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ፣ እንደ ልማዷ በፊት እግሮቿ ተንበርክካ ሣር ትግጣለች። የሰባት ዓመት ልጄ ድንጋይ አነሳች። «ምን ልታደርጊ ነው?» ስላት፣ «አባ፣ የአሳማ ዘመድ አይደለችም? አሳማ እኮ መጥፎ ነው!» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። በሽታ አለበት፣ ቆሻሻ ይበላል፣ ለሴቷ አይቀናም ብዬ ነግሬያታለሁ። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ከሐራም ለማራቅ የምንለው ይህንኑ ነው። ዓላማችን መልካም ነው። ምክንያቶቻችን ግን ሸክሙን ይችላሉን?

በሽታውን እንውሰድ። በአሳማ ሥጋ የሚተላለፍ ትሪኪኔላ የሚባል ትል መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ሥጋው በሚገባ ከበሰለ ትሉ ይሞታል። በአንጻሩ በአገራችን የታወቀው ኮሶ የሚይዘን ከበሬ ጥሬ ሥጋ ነው፤ በሬ ግን ሐላል ነው። ቆሻሻ መብላቱስ? የጓሯችን ዶሮ የምትጭረውን እናውቃለን። አሳማ ጭቃ ውስጥ የሚንከባለለውም በላብ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል ነው፤ ሰፊ ቦታ ካገኘ ከሚተኛበት ርቆ ይጸዳዳል። ቅናትን በተመለከተም፣ ለዒድ የምናርደው በግ የትዳር ሕግ አለውን?

እንግዲህ አንድ ልጅ ክልከላውን በትሉ ላይ ብቻ ከመሠረተ፣ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «ሥጋው ተመርምሯል፣ በደንብም በስሏል» የተባለ ዕለት ምን ይመልሳል? ምክንያቱ ሲፈርስ ሕጉም አብሮ የፈረሰ ይመስለዋል። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይሆንም፤ ደካማ መሠረት የጣልንለት እኛ ነን።

ቁርኣን የአሳማን ሥጋ በአል-በቀራ 173፣ በአል-ማኢዳ 3፣ በአል-አንዓም 145 እና በአን-ነሕል 115 ከልክሏል። ትሪኪኔላን ጄምስ ፓጄት የተባለ የሕክምና ተማሪ ለንደን ውስጥ ያየው በ1835 እ.ኤ.አ. ነው። ሶሓቦች ከዚያ ከ1,200 ዓመታት በፊት ትዕዛዙን ሲቀበሉ ስለ ትሉ የሚያውቁት አልነበረም። የተውት አላህ (ሱ.ወ.) ስለከለከለ ነው።

«የክልከላውን ሒክማ መፈለግ ነውር ነውን?» የሚል ይኖራል። በፍጹም ነውር አይደለም። የአላህ ትዕዛዝ ጥበብ አለው፤ የጤና ጥቅሙንም መናገር ይቻላል። ነገር ግን እኛ የደረስንበት ጥቅም የቤቱ ጌጥ እንጂ ምሰሶው አይደለም። ምሰሶው መታዘዝ ነው። በተጨማሪም ለእውነተኛ ሃይማኖት ያልተጣራ ወሬ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አማናን ማጉደል ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሥጋው ሐራም ነው ማለት እንስሳው ወንጀለኛ ነው ማለት አይደለም። አሳማም የአላህ ፍጡር ነው፤ የተፈጠረበትን ጠባይ ይኖራል እንጂ ያመጸው ሕግ የለም። የውሻን ልክፍት ሰባት ጊዜ እንድናጥብ ያስተማሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.)፣ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱንም ነግረውናል። ከነጃሳ መጠንቀቅና ለፍጡር ማዘን እንደማይጋጩ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንሻለን?

ያን ዕለት ልጄን ድንጋዩን አስጣልኳት። ከርከሮዋ ለምን እንደምትንበረከክ፣ ስትሮጥ ጭራዋን እንዴት ቀጥ አድርጋ እንደምታቆም፣ ወደ ጉድጓዷም በኋላዋ እንደምትገባ ነገርኳት። በመጨረሻ፣ «ታዲያ ለምን አንበላትም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላህ ስለከለከለን።»

«በቃ?»

«አዎ ልጄ፣ እሱ ይበቃል።»

ልጆቻችንን በእውነት ላይ የምናንጽ ወላጆች አላህ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።