መካን፦ ቃሉና ፍርዱ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በወላይታ ሶዶም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ ባልና ሚስት ጎጆ ወጥተው ልጅ ሳይታቀፉ ከቆዩ ሹክሹክታ ይጀመራል። ወላይትኛ የራሱ ቃላት አሉት፤ ሹክሹክታው በአማርኛ ሲሆን ግን ባልን «ልጅ አልሰጠውም» ብሎ ያዘነለት አንደበት፣ ሚስትን «መካን ናት» ይላታል። ለእርሱ ዕድል የሆነው ለእርሷ ስም ይሆናል።

«መከነ» ዘር አጣ፣ ፍሬ አልባ ሆነ ማለት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ሣራና ኤልሳቤጥ የተጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ከማኅፀን ተነሥቶም ወደ ባዶነት ሁሉ ተስፋፍቷል፤ ሐሳብ ይመክናል፣ ተስፋም ይመክናል። በአጻጻፍ የሚመስለው ሌላ «መካን» ደግሞ አለ፤ መካነ መቃብር፣ መካነ ሰላም ስንል ሥፍራ ማለት ነው። የዚህኛው ሥር «ኮነ»፣ ማለትም «ሆነ» ነው። ሁለቱ መልካቸው እንጂ ዘራቸው አንድ አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ከ6 ዐዋቂዎች 1 ያህሉ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል። ምክንያቱ ከሴቷ፣ ከወንዱ ወይም ከሁለቱም ሊመነጭ ይችላል፤ በወቅቱ ያልታከመ የአባላዘር በሽታም አንዱ መንስዔ ነው። እንግዲህ ያለ ምርመራ በሴቷ ላይ የሚለጠፈው ስም ፍርድ እንጂ ዕውቀት አይደለም።

የወላይታ ገበሬ ጓሮ ለዚህ ፍርድ መልስ አለው። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦና አፍርቶ ይሞታል። ገበሬው ግን ፍሬውን አይጠብቅም፤ ቆርጦ ከቆጮውና ከቡላው ይመገባል፣ ቃጫውን ይጠቀምበታል። ችግኙንም የሚያገኘው ከዘር ሳይሆን ከአምቾው ከሚፈላው ቡቃያ ነው። ሁሉን በፍሬ ለሚለካ ሰው ይህ ተክል መካን ነው፤ ለትውልድ ግን የረኃብ መከታ ሆኖ ኖሯል።

ይሁንና ምሳሌው እዚህ ላይ ይበቃል። እንሰት የሚወደደው ስለሚጠቅም ነው፤ ሰው ግን ለመከበር ጥቅም ማስቆጠር የለበትም። ያልወለደች ሴት «የሌሎችን ልጆች አሳድጋለች» ተብላ ስትመሰገን ነገሩ በጎ ይመስላል፤ ምስጋናው ራሱ ግን ጉድለትን በካሣ የሚያወራርድ ሒሳብ ነው። ምንም ባታሳድግስ ክብሯ ይቀነሳልን?

የልጅ ናፍቆት እውነተኛ ሐዘን ነው፤ ሐዘንን ወደ ስም መለወጥ ግን ግፍ ነው። ቃሉን በክፍል የሚተረጉም መምህር፣ በመድረክ የሚያስነግር ደራሲም ይህን ልዩነት መጠበቅ ይገባዋል። ሥፍራ የሚባለው «መካን» የመጣው ከመሆን እንጂ ከመውለድ አይደለም፤ ሰውም በሰዎች መካከል ሥፍራ የሚኖረው ሰው በመሆኑ ነው።