የካሳ ገንዘብና የአሽከርካሪ ኅሊና

ካሳ ከተከፈለ በኋላ የሚቀር ዕዳ ይኖራልን? በጣርማበር አፋፍ ለቆመ ሰው ይህ የወረቀት ጥያቄ አይደለም። ከመሐል ሜዳ የሚመጣው የመንዝ መንገድ ከደሴው አውራ ጎዳና የሚገናኘው በዚያው ነው፤ ጉም ሲወርድ ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከዓይን ይሰወራል። ትናንት ረዳት የነበረ ጎረምሳ ዛሬ መሪ ጨብጦ በዚያ ሲከንፍ፣ የሰው ሕይወት በእጁ ነው።

ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመኪናው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ አደረገው። የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ ያደረገ አዋጅ በ2000 ዓ.ም. ወጣ፤ እርሱን የተካው የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 799 ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ካሳ ወስኖ ነበር። ይህ የሟችን ቤተሰብ ባዶ እጁን ከመቅረት የሚያድን መልካም ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ በጥንቱ የደም ካሳና በመድን መካከል አንድ ልዩነት አለ። የደም ካሳን ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ይከፍል ስለ ነበር፣ ጎረምሳውን አስቀድሞ ይመክረውና ይገሥጸው ነበር፤ ያጠፋውም በሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምን ነበር። መድንም መዋጮ ነው፤ አዋጪዎቹ ግን አይተዋወቁም። ስለዚህ ይከፍላል እንጂ አይገሥጽም።

እንግዲህ መድን የሚሸከመው የገንዘቡን ዕዳ ብቻ ነው፤ ድንጋዩን ለአሽከርካሪው የሚሸከምለት የለም። ይህን ለወጣቱ መሪ ከመጨበጡ በፊት ማስተማር የወላጅ፣ የመምህርና የከያኒ ፋንታ ነው።