ሌሊት የሚፈካ ባሕር

ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ይገናኛሉ። አፋሩ ከቆላ ግመሉን፣ ፍየሉንና ጨዉን ይዞ ይመጣል፤ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። በዚህች አገር ለዘመናት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው አሞሌ የሚቆረጥበት የአሳሌ ጨው ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ቀይ ባሕር ደጋግሞ ገብቶበታል። መግቢያው በተዘጋ ቁጥር ፀሐይ ውኃውን እያተነነች፣ ጨው በጨው ላይ እየተነባበረ፣ ውፍረቱ ከ1 ኪሎ ሜትር አለፈ። አያት ቅድመ አያቶቻችን ወጣቸውን ሲያጣፍጡ የኖሩት በደረቀ ባሕር ነው።

እኔን ግን ከጨዉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በዚያው በደናክል ዝቅተኛ ምድር ዳርቻ ያለው ነገር ነው። በረሃው መሐል ሰው በእግሩ የሚረግጠው የኮራል ሪፍ አለ። ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ በገባ ጊዜ ሕያው የነበረ፣ ዛሬ ድንጋይ የሆነ ሪፍ። ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው የኮራሉ ቅርንጫፍና የዛጎሉ ቅርጽ እንደነበረ ነው። ከዚያ በስተሰሜን፣ በኤርትራ ጠረፍ በዙላ ባሕረ ሰላጤ፣ አብዱር በተባለ ቦታ ደግሞ 125,000 ዓመት ዕድሜ ባለው ሪፍ ውስጥ በሰው እጅ የተጠረቡ የድንጋይ መሣሪያዎች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 አስታውቀዋል። እነዚያ ሰዎች ሪፉ ዳር ወርደው ዛጎል ለባሽ የባሕር እንስሳትንና ሸርጣን ለቅመው ይበሉ እንደነበር ተመራማሪዎቹ ያምናሉ። የዚህ የአፍሪካ ቀንድ ሰው ከሪፍ ጋር የተዋወቀው እንግዲህ ትናንት አይደለም።

ወሎ ውስጥ፣ ከሚሴ ያደገ ሰው ባሕርን የሌላ አገር ነገር አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የቦርከና ወንዝ በከተማዋ አጠገብ አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ፣ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የኛ ውኃ ባሕር አያውቅም። ባሕሩ ግን ወደኛ መጥቶ ያውቃል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በሕይወት ያለው ሪፍ፣ በዳህላክ ደሴቶች፣ በሱዳን ጠረፍና በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያለው፣ የባዕድ ወሬ አይመስለኝም።

ይህ ሪፍ ሁለት ገጽ አለው። የቀኑን ገጽ ብዙ ሰው በፎቶ አይቶታል። የሌሊቱን የሚያዩት ግን አየር የታመቀበት ሲሊንደር አዝለው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ ከመሸ በኋላ የሚጠልቁ ሰዎች ናቸው። በጨለማ ባሕር ውስጥ ምን ይታያል ይባል ይሆናል። መልሱ የፈጣሪን ጥበብ የሚያሳይ ነው። የፀሐይ ብርሃን ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚጠፋው ቀዩ ነው። ጥቂት ሜትሮች ወረድ ሲባል ቀይ የነበረው ሁሉ ቡኒና ግራጫ ይሆናል፤ የቀኑ ባሕር ሰማያዊ ብቻ ይመስላል። ሌሊት ግን ጠላቂው ባትሪውን አስጠግቶ ሲያበራ ብርሃኑ የሚጓዘው አጭር ርቀት ስለሆነ ቀለሙ ሳይበላ ይደርሳል። ያን ጊዜ ግራጫው ስፖንጅ ደማቅ ቀይ፣ ቡኒው ኮራል ብርቱካናማ ሆኖ ይገኛል። ቀለሙ ቀንም ሌሊትም እዚያው ነበር። ለማን ታስቦ ተቀባ? አሣው ራሱ በዚያ ጥልቀት ቀዩን በቀይነቱ አያየውም። ሰው መጥለቂያ መሣሪያ ሠርቶ፣ መብራት ይዞ እስኪወርድ ድረስ ስንት ሺህ ዘመን ያለ ተመልካች እንዲያ አምሮ ኖሯል። ሱብሃነላህ!

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ለስላሳ ደቂቅ ፍጥረታት በሺዎች ተሰባስበው፣ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ እየሠሩ፣ ሪፉን ይገነቡታል። ቋጥኝ መሳዩ ፖራይትስ የተባለው ዓይነት በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኮራል ያየ ሰው መቶ ዓመታት የፈጀ ሥራ ፊት ቆሟል ማለት ነው። ቀን በፖሊፑ ገላ ውስጥ የሚኖሩ አልጌዎች ከፀሐይ ምግብ ያዘጋጁለታል፤ እሱም ያስጠልላቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ፖሊፑ ከድንጋይ ክፍሉ ብቅ ይልና ቀጫጭን እጆቹን ይዘረጋል። ቀን ምድረ በዳ ይመስል የነበረው የሪፍ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ይፈካል። ምግቡም ወደ እሱ ይመጣል፤ ቀኑን በጥልቁ ተደብቀው የዋሉ እጅግ ደቃቅ እንስሳት ሌሊት ወደ ላይ ይወጣሉና። ይህ በየሌሊቱ በዓለም ባሕሮች ሁሉ የሚደረግ መውጣትና መውረድ በምድራችን ላይ ካሉት የእንስሳት ጉዞዎች ሁሉ ትልቁ ነው። እኛ ተኝተናል።

በዚሁ ሰዓት በቀቀን አሣ ለመኝታ ይዘጋጃል። ቀኑን እንደ በቀቀን በተሠራ ጠንካራ አፉ የሪፉን ድንጋይ እየፋቀ አልጌ ሲበላ ይውላል፤ የፈጨውንም ነጭ አሸዋ አድርጎ ያስወጣዋል። ሲመሽ አንዳንዱ ዓይነት ከቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ ከጉሮሮው አካባቢ ካሉ ዕጢዎች ዝልግልግ ነገር እያወጣ፣ ራሱን ከአፉ እስከ ጭራው ይሸፍናል። ጠላቂው ቀስ ብሎ ባትሪውን ቢያሳየው አሣው ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑ ክፍት እንደሆነ፣ ጸጥ ብሎ ይታያል። ተመራማሪዎች ይህ ሽፋን ሌሊት ደም ከሚመጥጡ ጥቃቅን ጥገኛ ፍጥረታት እንደሚከላከልለት በሙከራ አረጋግጠዋል። ጠዋት ትቶት ይሄዳል፤ ማታ ሌላ ይሠራል።

ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ጠላቂዎች አንዳንዴ ባትሪያቸውን ሁሉ ያጠፋሉ። ያን ጊዜ ቀን ቀን ከዋሻና ከጥልቅ የሚደበቅ አንድ ትንሽ የቀይ ባሕር አሣ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ዓይኑ ሥር ብርሃን የሚሰጡ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ከረጢት አለው። ባክቴሪያዎቹ ማብራት አያቋርጡም፤ አሣው ግን ቆብ መሰል ቆዳ እየከፈተና እየዘጋ ብርሃኑን ያሳያል፣ ይሰውራል። ምግቡን ይፈልግበታል፤ ከወገኑ ጋር ይነጋገርበታል፤ ጠላት ሲመጣ አብርቶ፣ ወዲያው ጋርዶ፣ አቅጣጫ ለውጦ ያመልጥበታል።

ጨረቃ ስትሞላ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። በመካከለኛው ቀይ ባሕር ብዙ የኮራል ዓይነቶች በሚያዝያና በግንቦት፣ ጨረቃ በምትሞላበት ሰሞን፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ እንቁላላቸውንና ዘራቸውን በአንድነት ወደ ውኃው ይለቃሉ። በአንድ ሪፍ ላይ ያሉ፣ ተያይተው የማያውቁ፣ ሊተያዩም የማይችሉ፣ በተመሳሳይ ሌሊት። ኮራል ዓይን የለውም፤ አንጎልም የለውም። የጨረቃን ብርሃን የሚለዩ ፕሮቲኖች ግን በገላው ውስጥ ተቀምጠውለታል። የረመዷንን ጨረቃ ለማየት ሰማይ ሰማይ የምንመለከተው እኛ ብቻ አለመሆናችንን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ቁርኣን የቀራ የከሚሴ ልጅ ሱረቱ አር-ረሕማንን ያውቃታል። በዚያች ሱራ ሉልና መርጃን ከአላህ ጸጋዎች ጋር ተቆጥረዋል። መርጃን በተለምዶ ኮራል ተብሎ ይተረጎማል። የነቢዩ ዩኑስንም ታሪክ ያውቃል፤ ሊቃውንቱ በሦስት ጨለማ፣ በሌሊት ጨለማ፣ በባሕር ጨለማና በአሣው ሆድ ጨለማ ውስጥ ሆነው ጌታቸውን እንደጠሩ ይተርካሉ። ወሎም ሌሊትን የሚፈራ አገር አይደለም፤ መንዙማው፣ ድቤውና ዱዓው የሚደምቀው ሌሊት ነው። ስለዚህ ፍጥረት በሌሊት ሥራ ላይ ነው ሲባል ለመቀበል አንቸገርም።

የዚህን ባሕር ፍጥረት ስም ሰጥተው ከመዘገቡት መካከል ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል አንዱ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በቀይ ባሕር ዳርቻ ብዙ አሣዎችን መዘገበ፤ ሌሊት ሪፍ ላይ ወጥታ ቀይ መጎናጸፊያዋን እያወዛወዘች የምትዋኘውን ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣም ከባልደረባው ጋር ለሳይንስ አስተዋወቀ። ከዚያ በምጽዋ በኩል ወጥቶ ስሜን ተራሮችን አቋርጦ ጎንደር ገባ፤ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በሳይንሳዊ ስማቸው የመዘገበው ይኸው ሰው ነው። ከባሕር ወለል እስከ ራስ ዳሸን አገር ያለውን ፍጥረት በአንድ ዕድሜ ማየት መቻሉ ያስቀናኛል።

አሁን በዚህ ባሕር ወደ ሰመጡ መርከቦች ልምጣ፤ አንዱ በቀጥታ ይመለከተናልና። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ኡምብሪያ የተባለች የጣሊያን መርከብ 360,000 ገደማ ቦምቦች ጭና በቀይ ባሕር ወደ ደቡብ ትጓዝ ነበር። ጭነቱ ያኔ አገራችንን ይዞ ለነበረው ለጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ጦር የታሰበ ነበር። እንግሊዞች ፖርት ሱዳን አጠገብ አስቆሟት። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ጦርነት ማወጁን ካፒቴኑ ሎሬንዞ ሙየሳን በሬዲዮ ሰማ፤ ጭነቷ በእንግሊዝ እጅ እንዳይወድቅም ሠራተኞቹን አስወጥቶ መርከቧን ራሱ አሰመጣት። ዛሬም ዊንጌት ሪፍ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ የላይኛው ጎኗ ከውኃው ገጽ ጥቂት ሜትር ብቻ ዝቅ ይላል፣ የታችኛው 38 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቦምቦቹ በሆዷ ውስጥ እንደተደረደሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ዛሬም ሊፈነዱ ስለሚችሉ ጠላቂ አይነካቸውም። የወይን ጠርሙስ አለ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቅርጹን እንደያዘ ድንጋይ ሆኗል፣ ሦስት የፊያት መኪኖችም አሉ።

ሌሊት በዚህች መርከብ ላይ የሚሆነውን አስቡት። ፀሐይ የማይፈልግ፣ አልጌ የማያስጠልል አንድ የኮራል ዓይነት አለ፤ ቀን ተኮማትሮ ቀይ ጉብታ ብቻ ይመስላል። ሲጨልም እያንዳንዱ ጉብታ ተከፍቶ በብርቱካናማና በቢጫ ያብባል። የኡምብሪያ ብረት ይህን ለብሷል። በመተላለፊያዎቿ በቀቀን አሣ ይተኛል። ለኛ ምድር፣ ለኛ ሰው ተጭኖ የነበረ ሞት ከ80 ዓመት በላይ አንድም ነፍስ ሳያጠፋ በአበባ መሐል ተቀምጧል። ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ አልጠራጠርም።

የመርከብ መስመጥ ሁልጊዜ በጎ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሚሳይል ተመትታ በደቡባዊው ቀይ ባሕር የሰመጠችው ሩቢማር 21,000 ቶን ገደማ ማዳበሪያ ይዛ ነው የወረደችው፤ ያ ለሪፍ መርዝ ሊሆን ይችላል። ባሕሩ ብዙ ይችላል፤ ሁሉን ግን አይችልም።

ከሁሉ የከበደኝን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ከከሚሴ፣ ከባቲና ከአካባቢው ገጠር የሚነሱ ልጆች በአፋር አቋርጠው፣ ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ ደርሰው፣ በሌሊት በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። የሚያልፉት በዚሁ ሪፍ ላይ ነው። ከሥራቸው ያ ሁሉ ሲፈካ እነሱ ተጨናንቀው፣ ዋና ሳያውቁ፣ በፍርሃት ይጓዛሉ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ በተገለበጠችው ጀልባ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አላህ ይማራቸው። የፈጣሪ ጥበብ የሚነበብበት ባሕር ለልጆቻችን መቃብር ብቻ ሆኖ እንዲታወቅ እኔ አልስማማም።

ባሕሩን ማወቅ የሚቻልበት ሌላ መንገድ አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንን ያወጣል። የደናክልን ሪፍ ለማየት ጀልባ አያስፈልግም። የሥነ ሕይወት መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ፖሊፑ፣ ስለ በቀቀን አሣውና ስለ ኡምብሪያ ሊያስተምር ይችላል፤ የቁርኣን አስተማሪውም ሱረቱ አር-ረሕማን ላይ ሲደርስ መርጃን ምን እንደሆነ ቢያስረዳ ያምርበታል። በከሚሴና በአካባቢዋ ያላችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ልጆቻችን ስለ ባሕር መጀመሪያ የሚሰሙት ከደላላ አይሁን፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው።