የሚጮኽ ዕቃና የማይሰማ ጆሮ

ሰው የሚያስቸግረውን ድምፅ ሁሉ ሊያጠፋ ይወዳል፤ የድምፁን ምክንያት ሊያውቅ የሚወድ ግን ጥቂት ነው። ድምፅን ማፈንና ድምፁን ያመጣውን ጉድለት ማስወገድ ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሲመረምሯቸው ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው። ታዲያ ጩኸት የሰማ ሰው ግዴታው ምንድን ነው? ዝም ማሰኘት ነው ወይስ መመርመር? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ የሊቃውንት መጽሐፍ አይደለም፤ በደብረ ታቦር ከተማ በቤቴ የቆመ አንድ የልብስ ማጠቢያ መኪና ነው።

ዕቃው ክብ የመስተዋት በር በፊት ለፊቱ ያለው፣ ከበሮውም በተጋደመ ዘንግ ላይ የሚዞር ነው። ጥቂት ዓመታት ካገለገለን በኋላ፣ ልብሱን ለመጭመቅ በፍጥነት በሚዞርበት ጊዜ ማጓራት ጀመረ። በቤት ሥራ የምትረዳን ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ታሟል፤ ድምፁ እንደ ቀድሞው አይደለም» አለችኝ። እኔም፣ «ልብስ እያበዛሽ ስለምትጨምሪበት ነው» ብዬ መለስሁላት። ሁለተኛ ብትነግረኝ አሮጌ ጋቢ አጥፌ ከሥሩ አነጠፍሁበት፤ ድምፁም ጥቂት ስለ ቀነሰ የጠገንሁት መሰለኝ። ሦስተኛ ስትነግረኝ ግን ተቈጣሁ፤ በወሩም መጨረሻ ዕቃውን አበላሽተሻል ብዬ ከደመወዟ 300 ብር ቀነስሁባት። እርሷም አንዳች ሳትናገር ተቀብላ ሄደች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጋቢው ዝገት በተቀላቀለበት ውሃ ርሶ ስላገኘሁት፣ አንድ ቅዳሜ መካኒክ የሆነ ጎረቤቴን ለምኜ ዕቃውን ለመመርመር ተነሣን። አስቀድመን ከኤሌክትሪኩ ነቅለን ውሃውን ዘጋን። ከበሮውን በእጃችን ብናዞረው አጓራ። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ አውጥተን እንደ ገና ብናዞረው ማጓራቱ አልቀረም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሞተሩ እንዳልሆነ ዐወቅን። የከበሮውን ከንፈር ይዘን ወደ ላይ ብናነሣው ከውጭው ገንዳ ተለይቶ ተነቃነቀ። ይህ የኩሽኔታ መበላት ምልክት ነው።

ገንዳውን አውጥተን በከፈትነው ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ውሃ ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት በዕድሜ ብዛት ደርቆ ተሰንጥቋል። በስንጥቁም ሳሙና ያለበት ውሃ እየገባ ግሪሱን አጥቦ፣ የብረቱን እንክብሎች አዝጎ፣ በመጨረሻ ዘንጉን ሳይቀር አስበልቷል። ኩሽኔታውን በላዩ በተቀረጸው ቁጥር መሠረት ለወጥነው፤ ቀለበቱንም አብረን ለወጥን፤ አሮጌውን ቀለበት ትቶ ኩሽኔታ ብቻ መለወጥ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነውና። ጎረቤቴም፣ «መጀመሪያ ባጓራ ጊዜ ቢከፍቱት ኖሮ ዘንጉ ይተርፍ ነበር» አለኝ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ የልጅቱ ጥፋት አልነበረም። ብሩን መልሼ ይቅርታ ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እኔስ ያዘንሁት ለብሩ አይደለም፤ ስነግርዎ ስላልሰሙኝ ነው» አለችኝ። ብሩን መመለስ ተቻለኝ፤ ያልሰማሁበትን ወራት መመለስ ግን አልተቻለኝም።

ለምን አልሰማኋትም? በየቀኑ ከዕቃው አጠገብ የምትቆመው እርሷ እንጂ እኔ አልነበርሁም። ነገር ግን ቃሉን የመዘንሁት በእውነቱ ሳይሆን በተናጋሪዋ ማዕርግ ነበር። ይህም ጉድለት የእኔ ብቻ አይደለም። ሶቅራጥስ በአቴና ዳኞች ፊት ሲናገር፣ የእጅ ባለሙያዎች እርሱ የማያውቀውን ብዙ መልካም ነገር እንደሚያውቁ መስክሯል። በአገራችንም አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ የንቀቱን ጽናት ያሳያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ደግሞ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስረዱ። ብዙ ሰው በልብስ አጣቢዎች አጠገብ አልፏል፤ ቆሞ ያስተዋለው ግን አንድ ሰው ነው።

ከደብረ ታቦር ብዙም የማይርቀው ጋፋትም ሌላ ነገር ያስተምረናል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በዚያ አሠርተው፣ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ አስጎተቱት፤ መንገዱ ሲጠረግም እርሳቸው ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ ነበር። ንጉሥ እጁን ከሥራ ባለማራቁ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም እነዚያ የውጭ አገር ሠራተኞች መድፉን የሠሩት በግዴታ ነበር። ሥራን ማክበርና ሠራተኛን መስማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

አንባቢ ሆይ፣ «ገንዘብ ያለው ለመካኒክ ከፍሎ ያሠራል፤ ሰው ሁሉ ኩሽኔታ ይፍታ ማለት ነውን?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ሥራን ተከፋፍሎ መሥራት የሥልጣኔ ምልክት ነው። እኔም የጎረቤቴ እጅ ባይረዳኝ ኖሮ ከንቱ እደክም ነበር። የእኔ ነቀፌታ የማያውቁትን እንደሚያውቁ አድርጎ በሚያውቅ ሰው ላይ መፍረድን የሚመለከት ነው። መፍታት ያልቻለ መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቅ የሚችልም ከመቅጣቱ በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከአዲስ ዘመን በላይ ባለው በጣራ ገዳም ደን ውስጥ የገባ ሰው ጸጥታ ያገኛል፤ ያ ጸጥታ ማንም አፍኖ ያመጣው አይደለም። በታጠፈ ጋቢ የተገኘ ጸጥታ ግን ዝገቱን በውስጥ ያሳድጋል። ባለጉዳይ ደጋግሞ ሲመጣ «ይህ ሰው አስቸጋሪ ነው» የሚል ሹም፣ የማይገባውን ተማሪ «ዝም በል» የሚል መምህር፣ እኔ ያነጠፍሁትን ጋቢ ያነጥፋሉ። እኛ ግን ሦስተኛው ቃል እስኪመጣ ሳንጠብቅ፣ በመጀመሪያው ተነሥተን ክዳኑን ልንከፍት ይገባናል።